የኤጀንሲ ሾፌር ክፍያ በብሪታንያ፦ በማስታወቂያው ዋጋና ኪስ በሚገባው ገንዘብ መካከል

በብሪታንያ የከባድ መኪና ሾፌር በኤጀንሲ በኩል ሥራ ሲይዝ ክፍያው ከአራት መንገዶች በአንዱ ሊደርሰው ይችላል። ኤጀንሲው ራሱ ግብሩን ቆርጦ ደመወዝ ይከፍለዋል፤ ይህ ፒኤዋይኢ የሚባለው ነው። አለዚያ «አምብሬላ ካምፓኒ» የሚባል ድርጅት መሀል ገብቶ ቀጣሪው ይሆናል። ወይም ሾፌሩ የራሱን ሊሚትድ ካምፓኒ አቋቁሞ በድርጅቱ ስም ሂሳብ ይጠይቃል። አራተኛው በግል ሠራተኝነት ተመዝግቦ ግብሩን ራሱ የሚያሳውቅበት ነው። የሥራ ማስታወቂያዎች እነዚህን ጎን ለጎን ይደረድሯቸዋል፤ ለአንድ ፈረቃ፣ ለአንድ መኪና፣ ሁለት ሦስት ዓይነት የሰዓት ዋጋ ይጻፋል። ሾፌሩም እንደ ማንኛውም ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ብዙዎች የሚጎዱት እዚሁ ላይ ነው። ቁጥሮቹ አንድን ነገር የሚለኩ አይደሉም፤ ከአራቱ መንገዶች ሁለቱ ደግሞ የራሱ መኪና ለሌለው ሾፌር በሕግ ዓይን ዝግ ናቸው ማለት ይቻላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው የሥራ ሕጉና የግብር ሕጉ አንድን ሰው በተለያየ ሚዛን መመዘናቸው ነው። የሥራ ሕጉ ሦስት ዓይነት ሰው ያውቃል፦ ሙሉ መብት ያለው ተቀጣሪ፣ እንደ ዓመት ፈቃድና ዝቅተኛ ደመወዝ ያሉ መሠረታዊ መብቶች ያሉት ሠራተኛ፣ እና በራሱ የሚሠራ ነጋዴ። የግብር ሕጉ ግን መካከለኛውን አያውቅም፤ ለእርሱ ሰው ወይ ተቀጣሪ ነው፣ ወይ ነጋዴ። ስለዚህ በኤጀንሲ የሚሠራ ሾፌር ለግብር እንደ ተቀጣሪ እየተቆረጠበት፣ በሥራ ክርክር ላይ ግን ያለአግባብ ተባረርኩ ብሎ የመክሰስ መብት ላይኖረው ይችላል። ይህን ሳይለዩ «ግብር ስለምከፍል ቋሚ ሠራተኛ ነኝ» ወይም «ሊሚትድ ስላለኝ ነጋዴ ነኝ» ብሎ መደምደም ዋጋ ያስከፍላል።

የሕጉ መመዘኛ

ገና ሳይነጋ፣ ለተርዎርዝ አጠገብ ባለው ማግና ፓርክ ወይም በዳቬንትሪ የጭነት ማዕከል፣ ከኤጀንሲ የተላከ የክላስ ዋን (የተሳቢ መኪና) ሾፌር የሚያደርገውን ማየት የሕጉን መንፈስ ለመረዳት ይበቃል። መስኮቱ ጋር ቀርቦ ስሙን ይናገራል፤ የመኪናው ቁልፍ፣ የተሳቢው ቁጥርና የማድረሻ ወረቀቱ ይሰጠዋል። የመንዳት ሰዓቱን የሚመዘግበውን የታኮግራፍ ካርዱን ከትቶ፣ በመኪናው ዙሪያ እየዞረ ጎማውን፣ መብራቱንና የአየር ቱቦዎቹን ይፈትሻል፤ ያገኘውን ጉድለት በድርጅቱ ቅጽ ላይ ይሞላል። መኪናው የድርጅቱ ነው፤ ነዳጁም፣ ኢንሹራንሱም፣ የኦፕሬተር ፈቃዱም እንደዚሁ። የት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ በየትኛው በር እንደሚያራግፍ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ሾፌሩ ዛሬ ቢታመም ወንድሙን በራሱ ምትክ ሊልክ አይችልም፤ ኤጀንሲው ሌላ ሰው ይመድባል እንጂ። በዚህ ቀን ውስጥ ሾፌሩ የነጋዴ ሥራ የሚሠራበት፣ በራሱ ገንዘብ የሚያተርፍበት ወይም የሚከስርበት ቦታ የለም።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ተቀጣሪን ከነጋዴ የሚለዩበት ዋነኛው መመዘኛ የመጣው፣ እንደ አጋጣሚ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጉዳይ ነው። በ1968 በሕግ መጽሔት የወጣው የሬዲ ሚክስድ ኮንክሪት ፍርድ ሦስት ጥያቄ አስቀመጠ፦ ሰውየው በክፍያ የራሱን ጉልበትና ችሎታ ለመስጠት ተስማምቷል? ሥራው በሌላው ቁጥጥር ሥር ነው? የቀረው የውሉ ይዘትስ ከቅጥር ጋር ይስማማል? በዚያ ጉዳይ ሾፌሩ መኪናውን በዱቤ የገዛ፣ በራሱ ወጪ የሚጠግን፣ ሲያስፈልገው ሌላ ሾፌር መመደብ የሚችል ሰው ነበር። ዩኒፎርም ቢለብስም፣ መኪናውን በድርጅቱ ቀለም ቢቀባም፣ ዳኛው ነጋዴ ነው ብለው ፈረዱ። ክብደት ያገኘው መኪናው የማን ነው፣ ኪሳራውስ የማን ነው የሚለው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎም ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ኤችኤምአርሲ የሚከተለው አቋም በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ የራሱ መኪና የሌለው የጭነት ሾፌር በእውነት የግል ሠራተኛ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ውል ላይ የተጻፈው ስም ይህን አይለውጠውም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 በኡበር ሾፌሮች ጉዳይ ላይ፣ መነሻ መሆን ያለበት ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ሰው ማን ነው የሚለው እንጂ ድርጅቱ ያረቀቀው ወረቀት አይደለም ሲል ወስኗል።

በኤጀንሲ በኩል ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ አጥር አለ። ከ2014 ጀምሮ በጠበቀው የግብር ሕግ መሠረት፣ ሰውየው ሥራውን በሌላ ሰው ቁጥጥር፣ መመሪያ ወይም ክትትል ሥር የሚሠራ ከሆነ፣ ኤጀንሲው የገቢ ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ቆርጦ የመክፈል ግዴታ አለበት። ሾፌሩ በግል ሠራተኝነት መመዝገቡ ግዴታውን አያስቀርም። እናም «ዩቲአር የሚባለውን የግል ግብር ከፋይ ቁጥር አውጣና በግል እንክፈልህ» የሚል ኤጀንሲ ለሾፌሩ እያመቻቸ ሳይሆን የራሱን ዕዳ ወደ ሾፌሩ ትከሻ እያሻገረ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሊሚትድ ካምፓኒ

በ2010ዎቹ ዓመታት ብዙ ሾፌሮች የራሳቸው ሊሚትድ ካምፓኒ ነበራቸው። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ኤጀንሲው ሙሉውን ዋጋ ለካምፓኒው ይከፍላል፣ ሾፌሩ ለራሱ ትንሽ ደመወዝ ይመድባል፣ ቀሪውን የኮርፖሬሽን ግብር ከፍሎ በትርፍ ክፍፍል ያወጣል። በትርፍ ክፍፍል ላይ ናሽናል ኢንሹራንስ ስለሌለ በወር መጨረሻ የሚታይ ልዩነት ነበረው።

አይአር 35 በመባል የሚታወቀው ሕግ ይህን ለመከላከል ከ2000 ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ካምፓኒው መሀል ባይኖር ኖሮ ሰውየው ተቀጣሪ ይባል ነበር ወይ? ይባል ከነበረ ግብሩ እንደ ተቀጣሪ ይቆጠራል። ችግሩ ውሳኔውን ለራሱ ለሾፌሩ መተዉ ነበር፤ ማንም በራሱ ላይ አይፈርድም። በ2017 ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከኤፕሪል 6 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ለግሉ ዘርፍ መካከለኛና ትልልቅ ድርጅቶች ውሳኔው ወደ ደንበኛው ተዛወረ። አሁን የመጋዘኑ ወይም የሱፐርማርኬቱ ባለቤት ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ሾፌሩ ቅር ካለው ይቃወማል፣ ደንበኛውም በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ውሳኔው «በሕጉ ውስጥ ነው» ከሆነ፣ ለካምፓኒው የሚከፍለው ወገን ግብሩን አስቀድሞ ይቆርጣል። ትንሽ ለሚባሉ ደንበኞች ውሳኔው እንደ ቀድሞው ከሾፌሩ ካምፓኒ ጋር ቀርቷል፤ ተጠያቂነቱም አብሮ።

ለውጡ የመጣው ክፉ ጊዜ ላይ ነበር። በኮሮና ምክንያት የመንጃ ፈቃድ ፈተናዎች ተቋርጠው ነበር፣ ብዙ የምሥራቅ አውሮፓ ሾፌሮች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የመንገድ ትራንስፖርት ባለንብረቶች ማኅበር የጎደሉትን ሾፌሮች ወደ 100,000 ገምቶ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2021 ነዳጅ ማደያዎች ላይ ረጅም ሰልፍ ታየ። በዚያ እጥረት ውስጥ የአይአር 35 ድርሻ ብቸኛው ባይሆንም፣ የሊሚትድ ሾፌሮች የተጣራ ገቢ በአንድ ጊዜ መቀነሱ አንዳንዶችን ከሥራው አስወጥቷል፤ የቀሩት ከፍ ያለ ዋጋ ጠየቁ።

ዛሬ የደንበኛውን መኪና እየነዳ በሊሚትድ ልሥራ የሚል ሾፌር የሁለቱንም ዓለም ጉዳት የመሰብሰብ አደጋ አለበት። ግብሩ እንደ ተቀጣሪ ይቆረጥበታል፤ የዓመት ፈቃድ ክፍያና የሕመም ክፍያ ግን ከኤጀንሲው አያገኝም። የሂሳብ ሠራተኛ ይከፍላል፣ ለካምፓኒዎች መዝጋቢ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። መኪናው ቢጋጭ የኢንሹራንሱን የመጀመሪያ ወጪ እንዲሸፍን የሚያስገድድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ሊያገኝ ይችላል። የ2003ቱ የኤጀንሲዎች ደንብ፣ ደንበኛው ባይከፍል እንኳ ኤጀንሲው ሾፌሩ ለሠራው ሰዓት እንዲከፍል ያስገድዳል፤ በካምፓኒ የሚሠራ ሰው ግን ከዚህ ጥበቃ እንዲወጣ ፈርም ይባላል፣ ብዙዎችም ሳያነቡ ይፈርማሉ።

ፒኤዋይኢ ወይስ አምብሬላ

ስለዚህ ለአብዛኛው የኤጀንሲ ሾፌር እውነተኛው ምርጫ በሁለቱ መካከል ነው፤ ይህም በሂሳብ የሚፈታ ነው። ሂሳቡ ግን ማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር አይጀምርም።

አንድ ኤጀንሲ ለአንድ ሥራ «በፒኤዋይኢ በሰዓት 16 ፓውንድ፣ በአምብሬላ 20 ፓውንድ» ብሎ አወጣ እንበል። ሾፌሩ በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራል። በአምብሬላው በኩል 960 ፓውንድ ይመጣል፤ ይህ ግን የሾፌሩ ደመወዝ አይደለም። ኤጀንሲው ለአምብሬላው የሚከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ አምብሬላው ደግሞ ቀጣሪ ስለሆነ የቀጣሪነት ወጪውን ሁሉ ከዚያው ያወጣል። ከ2025 እስከ 2026 ባለው የግብር ዓመት የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ፣ በሳምንት ከ96 ፓውንድ በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 15 ከመቶ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 110 ፓውንድ ያህል። የሥልጠና ቀረጥ የሚባለው ግማሽ ከመቶ 4 ፓውንድ ይወስዳል። የአምብሬላው የራሱ ክፍያ 20 ፓውንድ ቢሆን፣ ለሾፌሩ የሚቀረው ግብር ያልተቆረጠበት ደመወዝ 826 ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ 89 ፓውንድ ያህሉ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ነው። እርሱ ሲወጣ የሰዓቱ ዋጋ 15 ፓውንድ ከ36 ሳንቲም ይሆናል።

በፒኤዋይኢው በኩል 48 ሰዓት በ16 ፓውንድ 768 ፓውንድ ነው፤ የአሠሪውን ናሽናል ኢንሹራንስ ኤጀንሲው ከራሱ ይከፍላል። በላዩ 12.07 ከመቶ የፈቃድ ክፍያ፣ ማለትም 93 ፓውንድ ያህል ይታከላል። ድምሩ 861 ፓውንድ። የተለመደው የግብር ኮድ ላለው ሰው ግብሩና የሠራተኛው ናሽናል ኢንሹራንስ ሲቀነስ በፒኤዋይኢ 687 ፓውንድ፣ በአምብሬላ 663 ፓውንድ እጅ ይገባል። በማስታወቂያው ላይ በ4 ፓውንድ የሚያንሰው ሥራ በሳምንት 24 ፓውንድ ይበልጣል። ጡረታ ቢታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል፤ የአሠሪው መዋጮም በአምብሬላ ከዚያው ከ960ው ስለሚወጣ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በግል ድርጅት የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በዚያ ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ የአሠሪው 11 ከመቶ የሠራተኛውን ደመወዝ አይነካም። የአምብሬላ ሾፌር ፔይስሊፑን (የደመወዝ ወረቀቱን) ሲያይ «የአሠሪ ናሽናል ኢንሹራንስ» የሚል መስመር አግኝቶ ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ የሚለው ከዚህ ልማድ የተነሳ ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ አሠራሩ ግን፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ተነግሮት ከሆነ፣ ሕገወጥ አይደለም። ስህተቱ የተፈጸመው ቀደም ብሎ፣ 20 ፓውንዱ «ደመወዝህ ነው» ተብሎ ሲነገር ነው።

ለዚህም መድኃኒት አለ። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ኤጀንሲ ውል ከመፈረሙ በፊት «የቁልፍ መረጃ ሰነድ» የሚባል አጭር ወረቀት መስጠት አለበት። በእርሱ ላይ ማን እንደሚከፍል፣ ምን ምን እንደሚቆረጥና በምሳሌ ተሰልቶ መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚቀር ይጻፋል። ሁለት ሥራ ማወዳደር ያለበት ሾፌር የሁለቱን ወረቀቶች የመጨረሻ መስመር ጎን ለጎን ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ወረቀቱን የማይሰጥ ኤጀንሲ ላይ ጥርጣሬ ማሳደር ተገቢ ነው።

አምብሬላ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሾፌሩ የአምብሬላው ተቀጣሪ ስለሚሆን ከሦስት ኤጀንሲ ቢሠራ እንኳ አንድ ፔይስሊፕ፣ አንድ የግብር ኮድ ይኖረዋል። በየኤጀንሲው በፒኤዋይኢ የሚሠራ ሰው ሁለተኛው ኤጀንሲ ላይ «ቢአር» የሚባል ኮድ ይሰጠውና ከመጀመሪያው ፓውንድ ጀምሮ 20 ከመቶ ይቆረጥበታል። አዲስ ሲጀምር የቀድሞ ቀጣሪው የሚሰጠውን ፒ45 የሚባል ወረቀት ካላመጣ ወይም የጀማሪ ቅጹን በትክክል ካልሞላ የድንገተኛ የግብር ኮድ ይወድቅበታል። በትርፍ የተቆረጠው ገንዘብ አይጠፋም፣ ይመለሳል፤ ግን ለወራት ይዘገያል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ አይዘገይም።

የፈቃድ ክፍያውን በተመለከተ አንድ ነገር መጠየቅ ግድ ነው፦ በየሳምንቱ ይከፈላል ወይስ ይጠራቀማል? የሥራ ሰዓታቸው ለሚለዋወጥ ሠራተኞች በየሳምንቱ ጨምሮ መክፈል ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሚነሱ የፈቃድ ዓመታት ተፈቅዷል። የሚጠራቀም ከሆነ ግን ዓመቱ ሳያልቅ ያልጠየቀው ሾፌር የራሱን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል።

የማይሆን ተስፋ

ከላይ ያለው ምሳሌ ሌላም ጥቅም አለው። በትክክል የሚሠራ አምብሬላ ከ960 ፓውንድ 663ቱን፣ ማለትም 69 ከመቶ ያህሉን ያስረክባል። እንግዲህ «85 ከመቶ ይዘህ ትገባለህ» የሚል ድርጅት ሲመጣ፣ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ካልተከፈለ ግብር ነው። ሠራተኛው ዝቅተኛውን ደመወዝ ብቻ በፔይስሊፕ ያገኛል፤ ቀሪው «ብድር» ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» እየተባለ በሌላ ቀን አካውንቱ ይገባል። ኤችኤምአርሲ እንዲህ ያለውን ብድር እንደ ደመወዝ ይቆጥረዋል። ከዲሴምበር 2010 ጀምሮ የተወሰዱና በኤፕሪል 2019 ያልተመለሱ ብድሮች ላይ በአንድ ጊዜ የተጣለው ግብር ብዙ ቤተሰብ አናግቷል፤ ዕዳው የወደቀው ዘዴውን በሸጡት ላይ ሳይሆን በሠራተኞቹ ላይ ነበር።

ሌላው ማጭበርበር ሾፌሩን ሳያውቀው የሚያስገባ ነው። መንግሥት ለትንንሽ ቀጣሪዎች የሰጠውን የናሽናል ኢንሹራንስ ቅናሽ ደጋግሞ ለመውሰድ ሲባል ሠራተኞች በብዙ ጥቃቅን ካምፓኒዎች ይበተናሉ። በፔይስሊፑ ላይ የአሠሪው ስም በየጥቂት ወሩ ሲቀያየር ምልክቱ ያ ነው። በኦክቶበር 2024 በጀት ላይ መንግሥት አምብሬላው ያልከፈለው ግብር ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ኤጀንሲውንም እንደሚያስጠይቅ አስታውቋል፤ ይህ ኤጀንሲዎች አምብሬላ ሲመርጡ እንዲጠነቀቁ ይገፋፋል። ሾፌሩም ራሱ የሚያጣራበት መንገድ አለው። በኤችኤምአርሲ የስልክ መተግበሪያ ወይም የግል የግብር አካውንት ላይ አሠሪው ያስታወቀው ክፍያና የተከፈለው ግብር ይታያል። ፔይስሊፑ የሚለውና አካውንቱ የሚያሳየው ካልገጠመ፣ ነገሩ በዚያው ሳምንት መጠየቅ አለበት።

በየትኛውም መንገድ የማይለወጡ ነገሮች

በፒኤዋይኢም ሆነ በአምብሬላ የሚሠራ ሾፌር በአንድ ደንበኛ ዘንድ በአንድ ዓይነት ሥራ 12 ሳምንት ከሞላው፣ ደንበኛው በቀጥታ ከቀጠራቸው ሾፌሮች ጋር እኩል መሠረታዊ ክፍያና የሥራ ሁኔታ ያገኛል። ይህ ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ነው። መሀል ላይ ከስድስት ሳምንት በላይ ከተቋረጠ ቆጠራው በአብዛኛው እንደ አዲስ ይጀምራል። ቋሚዎቹ የተሻለ በሚከፈላቸው ቦታ ይህ መብት ከማንኛውም የግብር ዘዴ የበለጠ ገንዘብ ያመጣል፤ ሆኖም ሳምንቱን ቆጥሮ የሚጠይቅ ሾፌር ጥቂት ነው። በእውነት በራሱ ካምፓኒ የሚነግድ ሰው ይህ አይመለከተውም።

የሥራ ሰዓትም እንዲሁ። የታኮግራፍ ሕግ በሚመለከተው መኪና ላይ የሚሠራ ሾፌር በአማካይ በሳምንት 48 ሰዓት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ከ60 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። ሌሎች ሠራተኞች ፈርመው ከ48ቱ ሰዓት ገደብ መውጣት ይችላሉ፤ ሾፌር አይችልም። ከ2012 ጀምሮ የግል ሠራተኛ የሆኑ ሾፌሮችም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው፤ «ሊሚትድ ከሆንክ እንደፈለግህ ትሠራለህ» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

መኪና ውስጥ ለሚያድሩ ደግሞ የአዳር አበል አለ። ኤችኤምአርሲ የሚቀበለው ከግብር ነጻ መጠን አልጋ ባለው ካቢን ለሚተኛ በአዳር 26 ፓውንድ ከ20፣ ለሌላው 34 ፓውንድ ከ90 ነው፤ ቀጣሪው ለመክፈል ግን አይገደድም። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በአምብሬላ የሚሠሩና በቁጥጥር ሥር ያሉ ሰዎች ከቤት እስከ መሥሪያ ቦታ ያለውን ጉዞ ከግብር ማስቀነስ አይችሉም፤ በዚህ ስም ከፍ ያለ ገቢ የሚያሳይ ማስታወቂያ ጊዜው አልፎበታል።

የራሱን መኪና የገዛ ሰው

ነጋዴነት በእውነት የሚጀምረው መኪናው ሲገዛ ነው። ከ3.5 ቶን በላይ በሆነ መኪና የሌላ ሰው ጭነት በክፍያ ለማጓጓዝ የኦፕሬተር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጡት ትራፊክ ኮሚሽነሮች ለመጀመሪያው መኪና 8,000 ፓውንድ በእጅ መኖሩን ማየት ይፈልጋሉ፤ የሚያቆሙበት ቦታ፣ የጥገና ውልና ብቃት ያለው የትራንስፖርት ኃላፊም ይጠይቃሉ። እዚህ ሰውየው በግል ይመዝገብ ወይስ ሊሚትድ ያቋቁም የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያገኛል። በግል የሚሠራ ሰው ከትርፉ ላይ የገቢ ግብርና 6 ከመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ ይከፍላል፤ መዝገቡ ቀላል ነው፣ ለዕዳው ግን ቤቱ ሳይቀር ይያዛል። ሊሚትድ እስከ 50,000 ፓውንድ ትርፍ ድረስ 19 ከመቶ የኮርፖሬሽን ግብር ይከፍላል፣ ዕዳውን ከባለቤቱ ንብረት ይለያል፣ በምትኩ ወረቀት ያበዛል። የዓመቱ ሽያጭ 90,000 ፓውንድ ካለፈ በሁለቱም የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ግዴታ ነው፤ በነዳጅ ዋጋ ምክንያት የአንድ መኪና ባለቤት እንኳ እዚያ ይደርሳል።

ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው የሚሻገር ሾፌር የቀድሞውን በትክክል መዝጋት አለበት። ከኤጀንሲ ወይም ከአምብሬላ ሲወጣ ፒ45 መቀበል፣ ያልተከፈለ የፈቃድ ገንዘብ ካለ መጠየቅ ይገባዋል። በግል ተመዝግቦ የነበረ ማቆሙን ለኤችኤምአርሲ ያሳውቃል፤ የመጨረሻውን ዓመት ግብር እስከሚከተለው ጃንዋሪ 31 ይከፍላል። ሊሚትድ የነበረው ደግሞ ሥራ ባይኖረውም ካምፓኒው ከመዝገብ እስኪሰረዝ ድረስ ዓመታዊ ሂሳብና የማረጋገጫ ቅጽ ማቅረቡን ይቀጥላል፤ ሂሳቡን ካዘገየ ቅጣት አለው፣ ቅጣቱም የመኪናውን መሪ ከለቀቀ በኋላ ሳይቀር በፖስታ ይደርሰዋል።